የሰማንያ ዘጠኝ ቀናት አድማ ዳፋ

የዛሬው ጽሑፋችን ሁለት ጊዜ ሥራ ያቆመ አንድ አየር መንገድን ይመለከታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያቆመው ማርች 26 ቀን 2001 ሲሆን፣ አብራሪዎቹ ባደረጉት አድማ ምክንያት 89 ቀናት ከምድር ሳይነሣ ቆየ። ለሁለተኛ ጊዜ ያቆመው ሴፕቴምበር 29 ቀን 2012 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጨርሶ አልተመለሰም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኩባንያው ኮምኤር ይባል ነበር፤ ማዕከሉም በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ አጠገብ ነበር። በደቡብ አፍሪካ ይሠራ ከነበረው ሞክሼው ጋር ዝምድና የለውም።

የመጀመሪያው መቆም የሁለተኛው ምክንያት ነውን? የአቪዬሽንን ነገር በሚከታተሉ ሰዎች ዘንድ ጥያቄው በተነሣ ቁጥር መልሱ ፈጣን ነው። አንደኛው ወገን አብራሪዎቹ ከአቅም በላይ ጠይቀው ቤታቸውን በገዛ እጃቸው አፈረሱት ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ አድማው ከኩባንያው መዘጋት ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም ባይ ነው። እኛ ሁለቱንም እንዳሉ ለመቀበል ተቸግረናል። አንድ ነገር ከሌላው ቀድሞ መከሰቱ ብቻውን ምክንያት እንደማያሰኘው በቤተ ሙከራ ደጋግመን የምንሰማው ትምህርት ነው። በመሆኑም አድማው ከ2001 ተነሥቶ እስከ 2012 ሊሻገር የሚችልባቸውን መንገዶች እየፈለግን፣ በተቻለ መጠንም በቁጥር እየለካን ለመሄድ ወስነናል።

ገባሩና ወንዙ

ኮምኤር በ1977 ሲቋቋም የነበሩት ፓይፐር ናቫሆ የሚባሉ ትንንሽ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ነበሩ። በ1984 ዴልታ ከተባለው ታላቅ አየር መንገድ ጋር ተዋውሎ በዴልታ ስም መንገደኛ ማጓጓዝ ጀመረ። አሠራሩን ለመረዳት ቦሌን ማሰብ ይበቃል። ከጎንደር፣ ከጅማ ወይም ከጅጅጋ በባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን የተነሣ መንገደኛ ቦሌ ወርዶ ወደ ውጭ አገር የሚሄደውን ትልቅ አውሮፕላን ይሳፈራል። ትንሹ በረራ ገባር ነው፣ ትልቁ ደግሞ ወንዝ። ልዩነቱ በእኛ አገር ገባሩም ወንዙም የአንድ አየር መንገድ መሆናቸው ነው። በአሜሪካ ግን ገባሩ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ አስተዳደር፣ የራሱ የደመወዝ ሰሌዳና የራሱ የሠራተኞች ውል ያለው ሌላ ኩባንያ ነው። ክልላዊ አየር መንገድ የሚባለውም ይኸው ነው።

በ1993 ኮምኤር በካናዳ የተሠራውን ባለ 50 መቀመጫ ጄት፣ ሲአርጄ የተባለውን፣ በሰሜን አሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሥራ አስገባ። ይህ ትንሽ ጄት በፕሮፔለር አውሮፕላን የማይደረስባቸውን፣ ለትልቅ ጄት ደግሞ በቂ መንገደኛ የሌላቸውን ከተሞች ከማዕከሉ ጋር በቀጥታ አገናኘ። ኩባንያው አተረፈ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ዴልታም በ2000 መጀመሪያ ላይ በእጁ ያልነበረውን የኮምኤር አክሲዮን ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ገንዘብ ገዝቶ ኩባንያውን ሙሉ በሙሉ የራሱ አደረገ።

ለምን አደሙ?

ነገሩ ከደመወዝ ይጀምራል፤ በደመወዝ ግን አያበቃም። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ክልላዊ አየር መንገዶች አንድ ጀማሪ ረዳት አብራሪ በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር በታች ማግኘቱ የተለመደ ነበር። ይኸው ሰው የሚያበርረው ጄት ነው፤ ደመናውም፣ በረዶውም፣ የማረፊያው ሜዳም የትልቁ አየር መንገድ ካፒቴን ከሚገጥመው አይለይም፤ መንገደኛውም የያዘው ትኬት አንድ ነው። የአብራሪ ክፍያ የሚሰላው ደግሞ በበረራ ሰዓት ስለሆነ በየአየር ማረፊያው በመጠባበቅ የሚያልፈው ረጅም ሰዓት ብዙም አይታሰብለትም። አብራሪዎቹ ከደመወዝ ጭማሪ በተጨማሪ ለዚህ የሥራ ሰዓት አቆጣጠር መሻሻልና ኩባንያው ለሚያዋጣበት የጡረታ ሥርዓት ተከራከሩ።

በአሜሪካ የአየር መንገድ ሠራተኛ በፈለገው ቀን ማደም አይችልም። በ1926 ለባቡር ሠራተኞች የወጣው ሕግ በ1936 ወደ አየር መንገዶች የተዘረጋ ሲሆን፣ በዚህ ሕግ መሠረት ተደራዳሪዎቹ በመንግሥት የሽምግልና ቦርድ ፊት መቆየት አለባቸው። ቦርዱ ድርድሩ አልሆነም ብሎ ካሰናበታቸው በኋላም የ30 ቀናት የማብረጃ ጊዜ ይጠበቃል። ሕጉ ድርድርን ያስረዝማል፤ የኮምኤሩ ድርድር ሦስት ዓመት ያህል ፈጅቷል። እንዲህ የቆየ ቁጣ ሲፈነዳ በቀላሉ አለመብረዱ የሚያስደንቅ አይሆንም።

1,350 ያህል አብራሪዎች ሥራ ሲያቆሙ በቀን ከ800 በላይ የሆኑት በረራዎች በአንድ ጊዜ ተሰረዙ። በሌላ ኢንዱስትሪ ቢሆን አሠሪው ጊዜያዊ ሠራተኛ ቀጥሮ ጥቂት ለመንቀሳቀስ ይሞክር ይሆናል። አብራሪ ግን ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት የተለየ ሥልጠናና ፈቃድ ያስፈልገዋልና ይህ መንገድ ዝግ ነው። አድማው ሲረዝም ከአድማው ውጭ የነበሩ በርካታ ሠራተኞች ያለ ክፍያ ወደ ቤታቸው ተላኩ፤ ኩባንያውም የአውሮፕላኖቹን ቁጥር እንደሚቀንስ አስታወቀ። በመጨረሻም በጁን 2001 ስምምነት ተደረሰ። የኮምኤር አብራሪዎች በአገሪቱ ካሉ የክልላዊ አየር መንገድ አብራሪዎች መካከል ከፍተኛውን ክፍያ ከሚያገኙት ተርታ ተሰለፉ። አሸነፉ ማለት ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ ግን ሴፕቴምበር 11 ደረሰ።

ሃምሳ መቀመጫ፣ ሁለት አብራሪ

የደመወዝ ጭማሪው ኩባንያውን ምን ያህል ጎዳው? እስቲ አንድ ግርድፍ ስሌት እንሥራ። የካፒቴኑና የረዳቱ ክፍያ ተደምሮ በሰዓት 120 ዶላር ነው እንበል። (ቁጥሩን የመረጥነው ለስሌት እንዲመች ብቻ ነው።) አውሮፕላኑ 150 መቀመጫ ካለው የአብራሪ ወጪ በመቀመጫ 80 ሳንቲም ይሆናል፤ 50 መቀመጫ ካለው ግን 2 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። ክፍያው በሩብ ቢጨምርና 150 ዶላር ቢደርስ ትልቁ አውሮፕላን በመቀመጫ 20 ሳንቲም፣ ትንሹ ደግሞ 60 ሳንቲም ይጨምርበታል። ትንሹም ትልቁም ጄት ሁለት አብራሪ ይፈልጋሉና አንድ ዓይነት የደመወዝ ጭማሪ በትንሹ ላይ ሦስት እጥፍ ይከብዳል። ክልላዊ አየር መንገዶች የአብራሪን ደመወዝ ዝቅ አድርገው ለመያዝ የሚታገሉበት ምክንያት ከዚህ ቀላል ማካፈል የተነሣ ነው።

አሁን ደግሞ ነዳጁን እናስላ። ባለ 50 መቀመጫ ጄት በአንድ ሰዓት በረራ በግርድፉ 1,400 ሊትር፣ ማለትም ወደ 370 ጋሎን የሚጠጋ ነዳጅ ያቃጥላል። የአሜሪካ አየር መንገዶች በ2001 ለአንድ ጋሎን የከፈሉት ከ1 ዶላር በታች ነበር፤ በ2008 ግን ወደ 3 ዶላር ተጠግቷል። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዘይት ዋጋ ከ147 ዶላር በላይ መድረሱን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። የጋሎኑን ጭማሪ 2 ዶላር ብቻ ብለን ብንይዘው በሰዓት 740 ዶላር፣ በመቀመጫ ወደ 15 ዶላር የሚጠጋ ተጨማሪ ወጪ ይመጣል። ከ60 ሳንቲሙ ጋር ያስተያዩት! የአብራሪዎቹ ክፍያ ሙሉ በሙሉ በእጥፍ ቢያድግ እንኳ ጭማሪው በመቀመጫ 2 ዶላር ከ40 ነው።

እዚህ ላይ ብናቆም ጥፋቱ የነዳጁ ነው፣ አድማው ነጻ ነው ብለን በደመደምን ነበር። አንድ ነገር ግን ይጎድላል። ትልቁ አየር መንገድ ከክልላዊው ጋር በሚያደርገው ውል መሠረት ለነዳጁ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ትልቁ ነው። በዚያ ላይ የኮምኤር ተወዳዳሪዎች የሚያበርሩት ያንኑ ጄት ሲሆን የሚያቃጥሉትም ያንኑ ነዳጅ ነው። ነዳጅ በሁሉም ላይ እኩል ስለሚወርድ እርስ በርስ አያበላልጣቸውም፤ የሚያበላልጣቸው የሠራተኛው ወጪ ነው። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ነጣጥለን ማየት ይኖርብናል። ስንት ትንንሽ ጄቶች በሰማይ ላይ ይቀራሉ የሚለውን የወሰነው ነዳጁ ነው። ከቀሩት ውስጥ የትኛው ኩባንያ ምን ያህሉን ያበርራል የሚለውን የወሰነው ግን በአብዛኛው የደመወዝ ሰሌዳው ነው። ትናንሾቹ ሳንቲሞች ኃይል የሚያገኙት በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው።

ያረጀው መሰላል

የስሌቱ ቀጣይ ክፍል ከሒሳብ ይልቅ የሕዝብ ጥናትን ይመስላል። የአብራሪ ክፍያ፣ የሥራ መርሐ ግብር ምርጫ፣ ከረዳትነት ወደ ካፒቴንነት ማደግ፣ ሁሉም የሚወሰኑት በኩባንያው ውስጥ ባለው የአገልግሎት ዘመን ቅደም ተከተል ነው። መሰላሉ የኩባንያው እንጂ የሙያው አይደለም። ሃያ ዓመት ያገለገለ ካፒቴን ወደ ሌላ አየር መንገድ ሲሄድ ከታችኛው እርከን፣ ከሃያ አምስት ዓመት ወጣቶች ጎን፣ እንደገና ይጀምራል።

ሁለት ኩባንያዎች ፍጹም አንድ ዓይነት የደመወዝ ሰሌዳ አላቸው እንበል፤ ጀማሪው በሰዓት 30 ዶላር ይከፈለዋል፣ በየዓመቱም 3 ዶላር ይጨመርለታል። የመጀመሪያው ኩባንያ አብራሪዎች አማካይ አገልግሎት ዛሬ አምስት ዓመት ነው፤ አማካይ ክፍያውም 45 ዶላር። ለስድስት ዓመታት ማንም ሳይወጣ፣ ማንም ሳይቀጠር ቢቆይ አማካዩ አሥራ አንድ ዓመት፣ ክፍያውም 63 ዶላር ይሆናል። ሁለተኛው ኩባንያ ገና እየሰፋ፣ አዲስ እየቀጠረ ስለሆነ አማካዩ ሁለት ዓመት ነው፤ የሚከፍለው 36 ዶላር። በሰሌዳው ላይ አንዲት ቁጥር ሳትለወጥ የመጀመሪያው ከሁለተኛው በ75 በመቶ ውድ ሆነ።

በኮምኤር ላይ የደረሰው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ክልላዊ አየር መንገድ በወትሮው የሚታደሰው አብራሪዎቹ ጥቂት ዓመታት ሠርተው ወደ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሲሻገሩ ነው። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኋላ ግን ትልልቆቹ አብራሪዎቻቸውን በሺዎች ከሥራ አሰናበቱ፤ የሚሻገሩበት በር ተዘጋ። በዲሴምበር 2007 ደግሞ የአብራሪዎች የጡረታ ዕድሜ ከ60 ወደ 65 ከፍ ስላለ ከላይ የሚለቀቅ ቦታ ለተጨማሪ ዓመታት ዘገየ። አድማው ባስገኘው የተሻለ ሰሌዳ ላይ የቆሙት አብራሪዎች በዚያው መሰላል ላይ አረጁ። ሰሌዳው ጥሩ ስለነበረም ለመልቀቅ የሚቸኩል አልነበረም። እንደ እኛ አስተያየት የአድማው ረጅም ዳፋ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ የአንድ ዓመት የደመወዝ ጭማሪ ከተዘጋ በር ጋር ሲገናኝ በየዓመቱ በራሱ ላይ እየተደመረ ይሄዳል።

32,767

ሌላው መንገድ ረቂቅ ነው፤ ለኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ግን ሳይታወቅ አይቀርም። በዲሴምበር 2004 ከገና በፊት በነበሩት ቀናት በኦሃዮ ሸለቆ ከባድ የበረዶ ማዕበል ወረደ። በረራዎች ሲሰረዙ የአብራሪዎችና የአስተናጋጆች ምደባ ይለወጣል፤ እያንዳንዱ ለውጥም በኮምፒዩተር ይመዘገባል። የኮምኤር የምደባ ሶፍትዌር በ1980ዎቹ የተገዛ አሮጌ ሥርዓት ሲሆን፣ በአንድ ወር ውስጥ የሚደረጉትን ለውጦች የሚቆጥረው በ16 ቢት ነበር። ከ16ቱ ቢት አንዱ ለምልክት፣ ማለትም ለፖዘቲቭና ለኔጌቲቭ፣ ይያዛል። በቀሩት 15 ቢት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 2 በ15 ርቢ ሲቀነስ 1፣ ማለትም 32,767 ነው። ቀጣዩ ለውጥ ሲመጣ ሥርዓቱ ቆመ። ዲሴምበር 25 ቀን ኩባንያው 1,100 በረራዎቹን በሙሉ ሰረዘ። አውሮፕላኖቹ ደህና ነበሩ፣ አብራሪዎቹም ተገኝተዋል፤ ማን የት እንደሚመደብ የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ይህን ከአድማው ጋር ምን ያገናኘዋል? አሮጌውን ሥርዓት ለመተካት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲታሰብ ነበር። ነገር ግን መጀመሪያ የኩባንያው በዴልታ መገዛት፣ ቀጥሎ አድማው፣ ከዚያም የሴፕቴምበር 11 ድንጋጤ ተከታትለው መጡ፤ የሥራ አመራሩ ትኩረትና ገንዘብ ወደ እነዚህ ዞረ። ምትኩ ተመርጦ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው አሮጌው ወደቀ። አድማው ሶፍትዌሩን ሰበረው ማለት ግነት ይሆናል፤ የ15 ቢቱ ገደብ ከአድማው አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቀድሞ የተጻፈ ነው። ይሁንና ረጅም ቀውስ ካለፈበት ድርጅት ውስጥ ለነገ ሲባሉ የቆዩ ሥራዎች ይከማቻሉ፤ ከነዚህ አንዱ በገና ዕለት ፈነዳ።

ባለቤቱ የተማረው

የ89 ቀናቱ ትምህርት ለዴልታም ነበር። አንድ ገባር ሲደርቅ የሲንሲናቲ ማዕከል በሙሉ ሊሽመደመድ እንደሚችል አይቷል። ከ2002 ጀምሮ ቾታኳ ለተባለው ሌላ ክልላዊ አየር መንገድ በራሱ ስም የመብረር ሥራ ሰጠ፤ እየቆየም ሌሎችን ጨመረ። የራሱ የነበረውን ኤኤስኤ የተባለ ሁለተኛ ክልላዊ ኩባንያ በ2005 ለስካይዌስት በ425 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ፣ በረራውን ግን በውል መግዛቱን ቀጠለ። የዚህ ሁሉ ዓላማ አድማን መበታተን ብቻ ነበር አንልም፤ ዴልታ ገንዘብ አጥሮት ነበር። ውጤቱ ግን የማያጠራጥር ነው፤ ከእንግዲህ ወዲህ አንድ ኩባንያ ብቻውን ሊያስቆመው አይችልም። ይህ ደግሞ የኮምኤር አብራሪዎች በ2001 የነበራቸውን ጉልበት ከእጃቸው አወጣው።

ሴፕቴምበር 14 ቀን 2005 ዴልታና ኮምኤር በኪሣራ ሕግ ከለላ ሥር ገቡ። የአሜሪካ የኪሣራ ሕግ አሠሪው በዳኛ ፈቃድ የሠራተኛ ውልን እንዲያፈርስ ዕድል ይሰጠዋል። ከረጅም ክርክር በኋላ በ2007 አብራሪዎቹ በዓመት ወደ 16 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ጥቅም ለመተው ተስማሙ። በአድማ የተገኘው በከፊል በፍርድ ቤት ደጃፍ ተመለሰ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው። በ2010 ኮምኤር ከ97 አውሮፕላኖቹ 44 ብቻ እንደሚያስቀር ተነገረ። ጁላይ 27 ቀን 2012 ዴልታ ኩባንያውን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ 1,700 ያህል ሠራተኞችና በቀን 290 ያህል በረራዎች ቀርተውት ነበር። የተሰጡት ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ አውሮፕላኖቹ አርጅተዋል፣ ወጪውም ከሌሎቹ ክልላዊ ኩባንያዎች ይበልጣል። ከላይ የለየናቸው ሁለት ጥያቄዎች በአንድ መግለጫ ውስጥ ተገናኙ።

ማነጻጸሪያ ፍለጋ

አድማው ባይደረግ ኖሮ ኮምኤር ዛሬ ይኖር ነበር? ይህን በሙከራ መመለስ አንችልም፤ 2001ን ደግመን አንኖረውም። ቀጥሎ የሚሻለው አድማ ያልነካቸውን ተመሳሳይ ኩባንያዎች መመልከት ነው። ለዴልታ ይበርሩ ከነበሩት መካከል ፒናክል በኤፕሪል 2012 በኪሣራ ከለላ ሥር ገባ፤ በኋላም በዴልታ ባለቤትነት ኤንዴቨር ተብሎ ተደራጀ። የኤኤስኤ ወራሽ የሆነው ኤክስፕረስጄት በ2022 ከበረራ ዓለም ወጣ። ለዴልታም ለዩናይትድም የበረረው አትላንቲክ ኮስት ስሙን ለውጦ ራሱን ችሎ ለመብረር ሞክሮ በጃንዋሪ 2006 ተዘጋ። አንዳቸውም የ89 ቀናት አድማ አላዩም። ዴልታ ራሱ በ2012 ወደ 350 የሚጠጉ ባለ 50 መቀመጫ ጄቶቹን ወደ 125 ለማውረድ ሲወስን የመረጠው የአውሮፕላኑን ዓይነት እንጂ አድመኞችን አልነበረም። ከዚህ ስንነሣ የኮምኤር መሞት ያለ አድማም ሊደርስ የሚችል ነገር ነበር። በአንጻሩ ስካይዌስት፣ አብራሪዎቹ በብሔራዊ ማኅበር ያልተደራጁበት፣ ዛሬም እየበረረ ነው፤ ተቃራኒውን ለሚያምኑ ይህ ጥሩ መከራከሪያ ይሆናቸዋል።

ማነጻጸሪያው ግን ንጹሕ አይደለም። በእርሻ ሙከራ ማዳበሪያ ያገኘው መደብ ጎርፍ ሲመታው ማዳበሪያው ወደ ጎረቤቱ መደብ ቢፈስስ፣ በሁለቱ መካከል የሚለካው ልዩነት ዋጋ ያጣል። እዚህም እንደዚያው ነው። ኮምኤር ያጣውን በረራ ያገኙት እነዚሁ ያነጻጸርናቸው ኩባንያዎች ናቸው፤ የኮምኤር ውል የሌሎቹን አብራሪዎች ጥያቄም ከፍ አድርጎታል። አድማው በነሱም ላይ ሠርቷል። ስለሆነም የእኛ ፍርድ ይህ ነው፦ አድማው የኮምኤርን መውረድ አፍጥኖታል፣ ከሚወርዱትም መካከል ተራውን ወደ ፊት አምጥቶታል፤ ቁልቁለቱን ግን የሠራው እርሱ አይደለም።

ስለ ጊዜ ቅደም ተከተል አታላይነት ከተነሣ አንድ ነገር እንጨምር። ኦገስት 27 ቀን 2006 የኮምኤር በረራ ቁጥር 5191 በኬንታኪ ሌክሲንግተን ለመነሣት በተሳሳተ፣ አጭር በሆነ መንደርደሪያ ላይ ገብቶ ተከሰከሰ፤ በውስጡ ከነበሩት 50 ሰዎች መካከል 49ኙ ሞቱ። በአድማውና በመዘጋቱ መካከል ስለሚገኝ አንዳንዱ ሰው በአንድ ሐረግ ሊሰካቸው ይቃጣዋል። የምርመራው ቦርድ ያገኘው ግን አብራሪዎቹ በሜዳው ላይ ያሉበትን ቦታ አለመለየታቸውንና መንደርደሪያውን አለማመሳከራቸውን ነው። ከ2001 ጋር የሚያያይዘው ክር አላየንም፤ ስለዚህ አላያያዝነውም።

ከሲንሲናቲ ወዲያ

ማዕከሉ የደረሰበት ከኩባንያውም የከፋ ነበር ማለት ይቻላል። በ2005 ገደማ በሲንሲናቲ ዴልታና አጋሮቹ በቀን ከ600 በላይ በረራ ያስነሡ ነበር፤ ይህ ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ሦስተኛ እጁ ወረደ። በ1994 ለኮምኤር ተብሎ የተሠራው የመንገደኞች ሕንፃ በ2009 ተዘግቶ ቆይቶ ፈረሰ። ዛሬ አየር ማረፊያው የአማዞን የጭነት አውሮፕላኖች ዋና ማዕከል ነው፤ ማዕከሉም በ2021 ሥራ ጀምሯል። ሜዳው ባዶ አልቀረም። በሜዳው ላይ የሚሠሩት ግን ሌሎች ናቸው።

የክልላዊ አብራሪ ደመወዝ ጥያቄ ግን ከኮምኤር ጋር አልተቀበረም። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 የኮልጋን አየር መንገድ አውሮፕላን በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ቡፋሎ አጠገብ ወድቆ 50 ሰዎች ሲሞቱ፣ የረዳት አብራሪዋ አነስተኛ ደመወዝ በምርመራው ላይ በይፋ መነጋገሪያ ሆነ። በ2013 ረዳት አብራሪዎችም በወትሮው 1,500 የበረራ ሰዓት እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ወደ ሙያው የሚገባው ሰው የሚያወጣው ጊዜና ገንዘብ ጨመረ፤ የሚጠብቀው ደመወዝ ግን ለዓመታት ብዙም አልተነቃነቀም። ከኮቪድ ወረርሽኝ በኋላ ትልልቆቹ አየር መንገዶች በጅምላ መቅጠር ሲጀምሩ ክልላዊዎቹ አብራሪ አጡ። በ2022 የአሜሪካን አየር መንገድ ክልላዊ ኩባንያዎች የጀማሪ ረዳት አብራሪን ክፍያ በሰዓት ወደ 90 ዶላር ከፍ አደረጉት። የኮምኤር አብራሪዎች 89 ቀናት አድመው ያገኙት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር፤ ይህኛው የመጣው ያለ አንድ ቀን አድማ፣ ከሰው እጥረት የተነሣ ነው።

በ2012 መኸር ኩባንያው ሲዘጋ በመሰላሉ ጫፍ ላይ ከነበሩት ካፒቴኖች መካከል በበረራ ለመቀጠል የፈለጉ ወደ ሌሎች አየር መንገዶች ሄደው ማመልከቻ ጻፉ። የተቀጠሩት የደንብ ልብሳቸውን ለውጠው፣ ከአራቱ የትከሻ መስመሮች አንዱን አውልቀው በረዳት አብራሪው ወንበር ተቀመጡ።